ብሪክሱ ጨመረ፣ ስኳሩ ጠፋ፦ ከአገዳ ጋር ያሳለፍኳቸው አራት ወራት

ባለፈው እሑድ ማታ በቤቴ የሠራሁት ፖላሪሜትር አንዱን ጭማቂ ሦስት ጊዜ ለክቼበት ሦስቱንም ጊዜ ተቀራራቢ ቁጥር ሰጠኝ። ብቻዬን አጨበጨብኩ። ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «ይህ ደግሞ ምን ያስጮሃል?» አለችኝ። ፖላሪሜትር ብርሃን በጭማቂ ውስጥ ሲያልፍ ስንት ዲግሪ እንደሚዞር የሚለካ መሣሪያ ነው፤ ትልቅ ዕቃ እንዳይመስላችሁ፤ 20 ሳንቲ ሜትር የውሃ ቧንቧ ቁራጭ፣ ከተሰበረ ፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽር የወጡ ሁለት ሌንሶች፣ ከልጄ የጂኦሜትሪ ሳጥን የተዋስኩት ፕሮትራክተርና አንድ ቢጫ አምፖል ነው። ፕሮትራክተሩን እስካሁን አልመለስኩም።

ነገሩን የጀመረችው ከቤታችን ሥር የሸንኮራ ጭማቂ የምትሸጥ ወጣት ናት። አዳማ ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ገበያዋ ይደራል። አንድ ቀን «መምህር፣ እስቲ ኬሚስትሪዎ ይመልስልኝ» አለችኝ። «የትናንቱ አገዳ ጭማቂው ያንሳል፤ ደንበኞቼ ግን ከዛሬው ይልቅ እሱ ይጣፍጣል ይላሉ። ምክንያቱ ምንድን ነው?» ሳላመነታ «ሲቆይ ይበስላል፣ እንደ ሙዝ» ብዬ መለስኩላት። አሥራ ሁለት ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማረ ሰው የሰጠው መልስ ነው ይህ። ሙዝ ከተቆረጠ በኋላ ወደ ስኳር የሚለውጠው ስታርች ይዟል። አገዳ ግን ስኳሩን ማሳ ላይ ሳለ አከማችቶ ጨርሷል፤ ከተቆረጠበት ሰዓት ጀምሮ መንገዱ ቁልቁለት ብቻ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ቶሎ ልለፋቸው፤ አብዛኞቹ የሚያሳፍሩ ናቸው። በእጅ የሚያዝ ሪፍራክቶሜትር ገዛሁ፤ ጭማቂ ጠብ አድርጎበት ወደ ብርሃን እየተመለከቱ ብሪክስ፣ ማለትም ከጭማቂው ከመቶ ስንቱ የሟሟ ነገር እንደሆነ፣ የሚያነቡበት ዓይነት። ሁለት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ለካሁና የሚያስደንቅ ልዩነት አገኘሁ። በኋላ ስመረምረው ልዩነቱ የቀን ሳይሆን የአንጓ ነበር። የሥሩ አንጓ ከጫፉ እንደሚጣፍጥ ሸንኮራ ያኘከ ሕፃን ሁሉ ያውቃል፤ እኔ ግን አንድ ቀን ከሥር፣ አንድ ቀን ከጫፍ እየቆረጥኩ ሠንጠረዥ እሠራ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ በጥላ ያስቀመጥኩትን ማነጻጸሪያ የአገዳ እስር የጎረቤት ልጆች አኝከው ጨረሱት። ምርምሬ መሆኑን ስነግራቸው አንዱ «ጋሼ፣ እሱ ነበር የሚጣፍጠው» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ቁም ነገሩ የገባሁት። አሥር አሥር ኪሎ የሚሆኑ ሦስት እስሮች አዘጋጀሁ። አንዱን ፀሐይ ላይ፣ ሁለተኛውን ጥላ ሥር በእርጥብ ጆንያ ሸፍኜ አስቀመጥኳቸው። ሦስተኛውን በገለባ እሳት ለብለብ አድርጌ እንደ ሁለተኛው ጥላ ሥር አኖርኩት፤ በብዙ አገር የአገዳ እርሻ ከቆረጣ በፊት ቅጠሉን የማቃጠል ልማድ ስላለ እሱን ለማስመሰል ነው። በአምስተኛው ቀን የፀሐዩ እስር ብሪክስ ከ18 ወደ 20 ከፍ ብሎ አገኘሁት። ደስታዬን አልደብቃችሁም። የጭማቂ ሻጯ ደንበኞች ልክ ናቸው፤ ማስረጃው በእጄ ነው አልኩ።

ያን ማታ ለጎረቤቴ አወራሁ። ወንጂ ውስጥ አገዳ ሲመዝኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ወንጂ ማለት በ1954 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የአገራችን የመጀመሪያው የስኳር ፋብሪካ ሥራ የጀመረበት ቦታ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ዕድሜያቸውን ከሚዛን ጎን የጨረሱ ናቸው። አዳመጡኝ፣ ቡናቸውን ፉት አሉና «መዘንከው?» አሉኝ።

«ምኑን ጋሼ?»

«እስሩን ነዋ። ጠብታ ትለካለህ እንጂ እስሩን መዝነኸዋል?»

አልመዘንኩም ነበር። በማግስቱ ጠዋት ሳስቀምጠው 10 ኪሎ የነበረው እስር 9 ኪሎ ከ100 ግራም ሆኖ ተገኘ። ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ውሃ በአየር ላይ ጠፍቷል። አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ከ10 ኪሎ አገዳ ቃጫውን ስንቀንስ 8.7 ኪሎ ገደማ ጭማቂ አለ እንበል፤ 18 ከመቶው የሟሟ ነገር ከሆነ 1.57 ኪሎ አካባቢ ነው። 900 ግራም ውሃ ሲተን ያው 1.57 ኪሎ በ7.8 ኪሎ ጭማቂ ውስጥ ይቀራል፤ ይህም 20 ከመቶ ነው። ሪፍራክቶሜትሬ ያየው አዲስ ጣፋጭነት የውሃ መጥፋት ብቻ ነበር። አገዳ በክብደት ሲሸጥ ገበሬው የሚከስረው እዚህ ላይ ነው፤ ማሳው ዳር መኪና እየጠበቀ በዋለ ቁጥር ገንዘቡ ወደ ሰማይ ይተናል።

እንግዲህ ስኳሩ ቢያንስ አለ አልኩ፤ ውሃ ብቻ ነው የጎደለው። እሱም ልክ አልነበረም፤ ለአራት ወራት እንቅልፍ የነሳኝም ይኸው ነው።

አገዳ ተቆርጦም ሕይወት አለው፤ ይተነፍሳል። ኢንቨርቴስ የሚባለው ኢንዛይሙ ሱክሮስን፣ ማለትም የምናውቀውን የገበያ ስኳር፣ ከውሃ ጋር አገናኝቶ ለሁለት ይሰብረዋል፤ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ይሆናል። ለፋብሪካው ይህ ኪሳራ ነው፤ ክሪስታል ሆኖ የሚወጣለት ሱክሮስ ነውና፤ የተሰበረው ከሞላሰስ ጋር ይሄዳል። ሪፍራክቶሜትሩ ግን ሁሉንም ደምሮ ነው የሚያነበው። ይባስ ብሎ 342 ግራም ሱክሮስ 18 ግራም ውሃ ይዞ ሲሰበር 360 ግራም ስለሚሆን፣ ስኳሩ እየጠፋ ብሪክሱ ጥቂት ሊጨምር ይችላል። ምላሳችንም አያድነንም፤ ፍሩክቶስ ከሱክሮስ የበለጠ ይጣፍጣል። የጭማቂ ሻጯ ደንበኞች አልተሳሳቱም፤ እየሞተ ያለውን አገዳ ነበር የሚያደንቁት።

ሁለቱን መለየት የሚችለው የብርሃን መሽከርከር ነው። ሱክሮስ ፖላራይዝድ ብርሃንን፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚርገበገብ ብርሃንን፣ ወደ ቀኝ ያዞራል፤ የተሰበረው ድብልቅ ግን ፍሩክቶሱ አይሎ ወደ ግራ ይጎትተዋል። ሊቃውንቱ ነገሩን «መገልበጥ» (በእንግሊዝኛ ኢንቨርዥን) ያሉት ለዚህ ነው፤ ኢንዛይሙም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። እውነተኛ ፖላሪሜትር መግዛት ከአቅሜ በላይ ስለሆነ ለመሥራት ተነሣሁ።

ቧንቧውን በሁለቱም ጫፍ በክብ መስታወትና በሲሊኮን ዘጋሁት። አንዱን ሌንስ በአምፖሉ በኩል አሰርኩ፤ ሌላውን ፕሮትራክተሩ ላይ ለጥፌ የሚዞር አደረግኩት። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ባዶ ውሃ ሞልታችሁ ብርሃኑ እስኪጨልም ታዞራላችሁ፤ ከዚያ ጭማቂውን ሞልታችሁ ስንት ዲግሪ ተጨማሪ ብታዞሩ እንደገና እንደሚጨልም ታያላችሁ። መፈተኛ እንዲሆነኝ 20 ግራም የገበያ ስኳር በ100 ሚሊ ሊትር አዘጋጀሁ፤ በስሌት 26.6 ዲግሪ መምጣት አለበት። የመጣልኝ 31፣ 24፣ 29 ነበር። ሦስት ሳምንት ቧንቧውን ስወቅስ ከረምኩ፤ ጥፋቱ የዓይኔ ነበር። ፍጹም ጨለማ የት ላይ እንደሆነ ዓይን አይለይም፤ ከጨለማው ግራና ቀኝ ብርሃኑ እኩል የሚሆንባቸውን ሁለት ቦታዎች ግን አሳምሮ ይለያል። ሁለቱን አንብቦ እኩሌታውን መውሰድ ነው። ከዚያ በኋላ 26 እና 27 ይመጣልኝ ጀመር። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ።

ቀጣዩ ራስ ምታት የጭማቂው ጥቁረት ነው። ትኩስ የአገዳ ጭማቂ ወዲያው ይጠቁራል፤ ብርሃን አያሳልፍም። የቤተ ሙከራ መጻሕፍት ለማጥራት የሚያዝዙት የእርሳስ (ሊድ) ጨው ነው። ልጆች ባሉበት ቤት የእርሳስ መርዝ የሚያስገባ ሰው ሳይንስ ወዳጅ አይደለም፤ በዚህ አልከራከርም። እኔ የፋብሪካውን መንገድ ተከተልኩ፤ ጥቂት የኖራ ውሃ ጨምሬ አሞቅኩት፤ ዝቃጩ ሲወርድ በቡና ማጣሪያ ወረቀት አጠለልኩት። ኖራው ለማጥራት ብቻ አይደለም፤ ጭማቂው ኮምጣጣ እንደሆነ ቢሞቅ ሙቀቱ ራሱ ሱክሮስን ይሰብረዋል። መጀመሪያ ክዳን ሳልጠቀም አፍልቼው ውሃው ስለተነነ የአንድ ሳምንት ንባብ ጥያለሁ። አሁን ድስቱን ከማሞቄ በፊትና በኋላ መዝኜ የጎደለውን በውሃ እሞላለሁ።

ውጤቱ ይኸው። ትኩሱ ጭማቂ 22 ዲግሪ ሰጠ። የፀሐዩ እስር በአምስተኛ ቀኑ፣ ውሃ ብቻ ቢሆን የጎደለው፣ 24 ወይም 25 ማሳየት ነበረበት፤ 19 ላይ ቆመ። በስሌቴ ከሱክሮሱ ስድስት አንድ ያህሉ ተሰብሯል፤ የፕሮትራክተሬ ስህተት አንድ ዲግሪ ስለሆነ ቁጥሩን እንደ ወንጌል አትያዙት። በእርጥብ ጆንያ የነበረው ክብደቱ 9.6 ኪሎ፣ ብሪክሱ 19፣ ንባቡ 21 ሆነ፤ የሚጠበቀው 23 ስለነበር የጠፋው ከፀሐዩ ግማሽ እንኳን አይሞላም። ጆንያና ውሃ፣ ሌላ ምንም።

በእሳት የለበለብኩት ግን 21 ብሎ አረፈው። ከፀሐዩ በልጦ፣ ከእርጥቡ እኩል! እሳት ይጠብቃል ማለት ነው ብዬ ለሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ተናግሬ ነበር፤ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ። ማሰሮውን ስከፍት የተበላሸ የጠላ ሽታ ነበረው፤ በማንኪያ ሳነሣው እንደ ተልባ ውሃ ተዝለገለገ፤ ሌላው በሩብ ሰዓት የሚጠለለው እሱ ማጣሪያው ላይ ሰዓት ተኩል ተኝቶ ዋለ። እሳቱ የአገዳውን ሰም ያቀልጠዋል፣ ቆዳውን ይሰነጥቀዋል፤ በስንጥቁና በተቆረጠው ጫፍ ሉኮኖስቶክ የሚባለው ባክቴሪያ ይገባና ከሱክሮሱ ዴክስትራን የሚባል ሙጫ ይሠራል። ይህ ሙጫ ደግሞ ብርሃንን ወደ ቀኝ የሚያዞረው ከሱክሮስ ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ስኳሩን የበላው ባክቴሪያ የውሸት ደረሰኝ ትቶልኝ ሄዷል ማለት ነው።

ለማረጋገጥ ከትኩሱና ከተለበለበው የተጣራ ጭማቂ ትንሽ ትንሽ በብርጭቆ አድርጌ እኩል መጠን ንጹሕ አልኮል ጨመርኩባቸው። ትኩሱ እንደ ጭጋግ ስስ ሆነ። የተለበለበው ወተት መሰለ። ይህ ቁጥር አይሰጥም፤ ሌሎች ሙጫዎችም በአልኮል ይደፈርሳሉ። እኔን ግን ከሁለተኛ ውርደት አድኖኛል። ፋብሪካ ውስጥ ይኸው ሙጫ ሽሮፑን ያወፍራል፣ ክሪስታሉን እንደ መርፌ ያሾለዋል፤ የተቆረጠ፣ በተለይም የተቃጠለ አገዳ በ24 ሰዓት ውስጥ ይፈጭ የሚባለው ለዚህ ነው።

ስለ ዝርያዎች ለጠየቃችሁኝ፣ እውነቱን ልናገር፤ ገና ነኝ። ኤን ሲ ኦ 334 እና ቢ 52-298 የሚሉትን ስሞች ከወንጂና ከመተሐራ ሰዎች አፍ ሰምታችኋል። ፊደሎቹ የትውልድ ቦታ ናቸው፤ «ቢ» ባርቤዶስ ነው፣ «ኤን ሲ ኦ» ደግሞ ሕንድ ኮይምባቶር ላይ ተዳቅሎ ደቡብ አፍሪካ ናታል ላይ የተመረጠ ማለት ነው። የቆዳው ጥንካሬ፣ የሰሙ ውፍረትና የኢንዛይሙ መጠን ከዝርያ ዝርያ ስለሚለያይ አንዱ ከሌላው ይልቅ ቆረጣን ይቋቋማል። እኔ ያነጻጸርኩት ግን የገበያውን ለስላሳ ሐምራዊ ሸንኮራና አንድ ቀጭን፣ ቆዳው ደረቅ አገዳ ብቻ ነው። ሐምራዊው ቶሎ ቀለለ። ሁለት ዓይነት፣ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጓሮ፤ ከዚህ በላይ አልልም።

ለመጀመር የምታስቡ ካላችሁ ከሪፍራክቶሜትር በፊት ሚዛን ግዙ። ብሪክስን ብቻ ይዞ ስለቆየ አገዳ የሚያወራ ሰው አያሳምነኝም፤ እኔም ሁለት ወር ሙሉ እንደዚያ ሳወራ ነበር። አገዳውን ቀድማችሁ አትቆራርጡ፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ለባክቴሪያው ሁለት በር ነው። እስሮቹ ላይ ምልክት አድርጉ። ይህን የምመክረው እኔ የሦስተኛውን ቀን ንባብ ሙሉ በሙሉ ያጣሁት ሁለት ማሰሮዎች ተቀያይረውብኝ ስለሆነ ነው፤ አሁንም ቢሆን ግማሹን ጊዜ እረሳለሁ።

ለጭማቂ ሻጯ መልሱን አስተካክዬ ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና «ታዲያ በጆንያ ልሸፍነው ወይስ ደንበኞቼ የሚወዱትን ልስጣቸው?» አለችኝ። እስካሁን አልመለስኩላትም። ዛሬ ጠዋት ሱቋ ስደርስ ግን የገባላትን እስር ሚዛን ላይ አስቀምጣ ክብደቱን በጠመኔ ግድግዳው ላይ ጽፋዋለች፤ 23 ኪሎ ከ400።