ማል እና ብራድ

እሑድ ማታ።

ዛሬ ኒውዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አንድ ሥዕል ፊት ቆሜ እግሬ አልላወስ አለኝ። አሜሪካዊው ሠዓሊ ሮይ ሊክተንስታይን እ.ኤ.አ. በ1963 የሣላት ልጅ ናት፤ ማዕበል ሊውጣት ደርሷል፣ ዐይኗ በእንባ ተሞልቷል። «ብራድን እርዳኝ ከምል ብሰጥም ይሻለኛል» ትላለች፣ ከራሷ በላይ በተጻፈው ቃል። ጠጋ ስል ፊቷ ጠፋ፤ የቀረው ቀይ ነጠብጣብ ብቻ ነው። ርካሽ ማተሚያ የሚያትመውን ነጠብጣብ እርሱ በተበሳሳ ሰሌዳ እያሳለፈ በእጁ ደግሞታል።

ልጅቷ የእርሱ አይደለችም። ቶኒ አብሩዞ በ1962 ለአንድ የፍቅር ኮሚክ (በተከታታይ ሥዕል የሚተረክ ታሪክ) መጽሔት ሥሏት ነበር። በዚያኛው ሥዕል ወንድ ጓደኛዋ ከኋላ የተገለበጠች ጀልባ ይዞ ይታያል፤ እርሷንም ቁርጠት ይዟታል፤ የወንዱም ስም ማል ነው። ሊክተንስታይን ጀልባውን፣ ወንዱንና ቁርጠቱን አወጣ፤ ማልን ብራድ አለው፤ ማዕበሉን የጃፓናዊውን ሠዓሊ የሆኩሳይን ማዕበል እንዲመስል አጠማዘዘው። የቀረችው ብቻዋን የምትሰጥም ልጅ ናት። ይህን መቁረጥ የቻለ ዐይን ሌባ ነው ለማለት አንደበቴ እምቢ ይለኛል፤ ምንም እንኳ በ1964 አንድ ታዋቂ መጽሔት «የአሜሪካ መጥፎው ሠዓሊ ይህ ይሆን?» ብሎ ቢጠይቅም።

ከፒካሶም ወሰደ፤ በ1969 የፈረንሳዊውን ሠዓሊ የሞኔን ካቴድራሎች በነጠብጣብ ሣለ፤ በዕድሜው ማብቂያ ወደ ቻይና የተራራ ሥዕሎች ዞረ። እነዚህ አልከነከኑኝም። ፒካሶ ቢወሰድበትም ፒካሶ ነው፤ ማንም ሥዕሉን አይቶ «ይህ የፒካሶ ነው» ይላል። አብሩዞ ግን በገጽ ሒሳብ ከሚከፈላቸው የኮሚክ ሠዓሊዎች አንዱ ነበር። የሊክተንስታይን «ነርስ» በ2015 ከ95 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠች። አጠገቤ ከቆሙት ጎብኚዎች መካከል የአብሩዞን ስም የሚያውቅ መኖሩን እጠራጠራለሁ፤ እኔም ያወቅሁት ዘንድሮ ነው።

ስወጣ የሥዕሉን ፖስት ካርድ ገዛሁ። አሁን ከጠረጴዛዬ በላይ ለጥፌዋለሁ፤ ከሥሩም በእርሳስ «ቶኒ አብሩዞ፣ 1962» ብዬ ጽፌያለሁ።