ናይት ሺፍት ላይ ያነበብኳቸው ልብወለዶች

አሜሪካኖች ኢትዮጵያዊት መሆኔን ሲሰሙ ወይ "ምግባችሁን እወደዋለሁ" ይላሉ፣ ወይ ደግሞ፣ በተለይ እድሜያቸው ገፋ ያሉት ሴቶች፣ "ካቲንግ ፎር ስቶንን አንብበሽዋል?" ይላሉ። እኔ ሜሪላንድ ውስጥ ሆም ኬር (ሰው ቤት እየሄዱ መንከባከብ) ነው የምሠራው፣ አብዛኛውን ጊዜ ናይት ሺፍት፣ ክላየንቴ ከተኙ በኋላ ቲክቶክ ሳይ ማደር ሰለቸኝና ማንበብ ጀመርኩ። ያንን መጽሐፍ የሰጡኝም እሳቸው ናቸው፣ ከመደርደሪያቸው አውጥተው "ስለ ሀገርሽ ነው" ብለው።

ሃያሲ ምናምን እንዳልሆንኩ ከወዲሁ ይታወቅልኝ። የኔ ሚዛን አንድ ነው፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ እንቅልፍ ሲያዳፋኝ መጽሐፉ ያነቃኛል ወይስ ጭራሽ ያስተኛኛል?

ካቲንግ ፎር ስቶን ያነቃል። ደራሲው አብርሃም ቨርጊስ ወላጆቹ ህንዶች ናቸው፣ ተወልዶ ያደገው ግን አዲስ አበባ ነው፣ ሐኪምም ስለሆነ ኦፕራሲዮን ሲጽፍ አጠገቡ ጓንት አድርገሽ የቆምሽ ነው የሚመስልሽ። መንትዮቹ ማሪዮንና ሺቫ፣ እናታቸው መነኩሲት ነርስ፣ አሳዳጊያቸው ዶክተር ጎሽ... ጎሽን እኮ እንዴት እንደወደድኩት፣ ሲሞት እንባዬን ስጠርግ ክላየንቴ ነቅተው "ከሀገር ቤት መርዶ መጣ እንዴ?" ብለው ደነገጡ።

ግን አንድ ነገር አናደደኝ። ገነት። ቆይ ይቺ ልጅ ደራሲውን ምን አድርጋው ነው? አብራቸው ያደገች ኤርትራዊት ናት፣ በሁለቱ ወንዶች ላይ የሚደርሰው መዓት ሁሉ በሷ በኩል ነው የሚመጣው። እናቷ ያደረገቻትን ካነበብን በኋላ እንኳን (አልናገርም፣ አንብቡት) ለሷ የሚራራ የለም፣ እነሱ ሲያጠፉ ይቅርታ አለ፣ እሷ ስታጠፋ ግን ቅጣት ነው። ከዛ ደሞ ሁሉም ሰው አሜሪካ ላይ ይገናኛል፣ መጀመሪያ ኧረ በናትህ ብዬ ነበር፣ ግን ሳስበው እኛስ ሰርግ ላይ የሰፈራችንን ሰው የማናገኝበት ጊዜ አለ እንዴ? ማሪዮን ቦስተን ውስጥ ሬስቶራንት ከፍታ የሚያገኛትን ጽጌን ግን ወዲያው አመንኳት፣ እንደሷ አይነት ሴት የሌለችበት ከተማ የለም።

ቀጥሎ ጓደኛዬ የዲናው መንግሥቱን ሰጠችኝ፣ በፈረንጆቹ 2007 የወጣውን፣ ዘ ቢዩቲፉል ቲንግስ ዛት ሄቨን ቤርስ የሚለውን፣ ርዕሱን ጠርቼ ሳልጨርስ ባስ ያመልጠኛል። ታሪኩ እዚሁ ዲሲ ሎጋን ሰርክል ነው፣ ሴፋ እስጢፋኖስ የሚባል ሀበሻ ትንሽ ግሮሰሪ አለው፣ ሁለት ጓደኞች አሉት፣ አንዱ ከኮንጎ አንዱ ከኬንያ፣ ማታ ማታ ሱቁ ውስጥ ተቀምጠው እየጠጡ የአፍሪካ አምባገነኖችን ስም እየጠሩ የየት ሀገር ነው፣ መፈንቅለ መንግሥቱስ በስንት ዓመተ ምህረት ነው እያሉ ይጫወታሉ። ብዙም የሚሆን ነገር የለም። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ አስተኝቶኛል። አጎትየው ሲመጣ ነው ቁጭ ብዬ ማንበብ የጀመርኩት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሀበሻ በሞላበት ህንፃ ላይ የሚኖረው፣ ለነካርተርና ሬጋን ደብዳቤ የሚጽፈው። ያንን ህንፃ አውቀዋለሁ ማለት ነው የቃጣኝ፣ ሊፍቱ ቁሌት የሚሸተውን፣ ታች ላውንደሪ ሩም ውስጥ የትላንቱን ወሬ የምትሰሚበትን።

ከሴፋ ጋር ግን ተጣልተናል። ሰውየው ሱቁን ክፍት ጥሎ ቱሪስት ተከትሎ ይሄዳል! ኪራይ አለበት እኮ! ጓደኛዬ "እንዴ፣ ይሄ እኮ ድብርት ነው፣ አልገባሽም" አለችኝ፣ ልክ ሳትሆን አትቀርም፣ ግን ሬንት በየወሩ ለሚከፍል ሰው ያንን ምዕራፍ ማንበብ ጭንቀት ነው። ሆኖም ካነበብኳቸው ውስጥ ስለኛ ኑሮ ያልዋሸው ይሄኛው ነው እላለሁ፣ ማንም ሀብታም አይሆንም፣ ማንም በድል ሀገሩ አይመለስም።

የመዓዛ መንግሥቴን ዘ ሻዶው ኪንግ ሌሊት አልቻልኩትም። ንግግሩ የትምህርተ ጥቅስ ምልክት የለውም፣ ማን እንደተናገረ ለማወቅ ወደላይ መመለስ አለ፣ ስለዚህ በኦፍ ቀኔ በቡና ነው ያነበብኩት። በፈረንጆቹ 2020 ለቡከር ሽልማት የመጨረሻው ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ነበር፣ ይገባዋል። የጣልያን ወረራ ጊዜ ነው፣ ሂሩት የምትባል ወላጆቿ የሞቱባት ልጅ ኪዳኔና አስቴር ቤት ታገለግላለች፣ የአባቷን ውጅግራ ጠመንጃ ኪዳኔ ለጦርነቱ ብሎ ይነጥቃታል። ደራሲዋ ስትናገር እንደሰማሁት የራሷም ቅድመ አያት አባቷን ስለ ጠመንጃው ከሳ ዘምታለች። ኪዳኔ ጦር ሜዳ ጀግና ነው፣ ሂሩት ላይ ግን የሚያደርገውን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ሳህን አጥቤ ነው የተመለስኩት፣ አርበኛ ሲባል እንዲህ ተጽፎ አላየሁማ። አከበርኩት፣ ግን ደግሜ አላነበውም።

ደግሜ ያነበብኩት ኦሮማይን ነው። በዓሉ ግርማ በእኛ አቆጣጠር በ1975 ጽፎት፣ ከገበያ ተሰብስቦ፣ እሱም በ1976 እንደወጣ የቀረበት መጽሐፍ መሆኑን እያወቅሽ ስታነቢው ሌላ ነው። ጋዜጠኛው ጸጋዬ አስመራ፣ የደርግ ዘመቻ፣ እዚያ የሚወዳት ፊያሜታ፣ ዓረፍተ ነገሩ አጭር አጭር፣ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። ቅሬታዬ እጮኛው ሮማን ናት፣ ምስኪን አዲስ አበባ ቁጭ ብላ ከመጠበቅ ሌላ ሥራ አልተሰጣትም። በፈረንጆቹ 2025 በእንግሊዝኛ ወጥቶ ለክላየንቴ ገዛሁላቸው፣ አሁን በተራቸው እሳቸው ማታ መብራት አላጠፋ ብለው አስቸግረውኛል።

በዚህ ሳምንት የያዝኩት የቨርጊስን ኮቨናንት ኦፍ ዋተር ነው፣ ከ700 ገጽ በላይ፣ ህንድ ኬረላ፣ በየትውልዱ አንድ ሰው ውሃ የሚበላበት ቤተሰብ። የ12 ዓመት ልጅ ለ40 ዓመት ሰው ሲድሯት ይጀምራል፣ እኔም ደሜ ፈልቶ ጀመርኩ፣ ሰውየው ግን ደህና ሰው ሆኖ አረፈው። እስካሁን ከሁሉም የወደድኩት ዝሆኑን ነው። የጨረሳችሁ ካላችሁ ዝሆኑ ምን እንደሚሆን እንዳትነግሩኝ፣ ክላየንቴ ሊነግሩኝ ሲሉ ጆሮዬን ይዤ ነው ያመለጥኩት።