ፋይሉ የነሱ፣ ቀኑ ያንተ፦ በመስሪያ ቤት በኩል ግሪን ካርድ እንዴት እንደጠበኩ

እዚህ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለ ሀበሻ ወረቀት ሲባል የሚያውቀው ሶስት መንገድ ነው፣ ዲቪ፣ ጋብቻ እና አሳይለም። በመስሪያ ቤት በኩል ነው የምጠብቀው ስል "እሱ ደሞ ምንድነው" የማይለኝ አልነበረም፣ አጎቴማ "ስራ ከያዝክ ታዲያ ምን ትጠብቃለህ" ብሎኝ ያውቃል፣ ለሱ ማስረዳቱን በቃ ትቼዋለሁ። አሁን ግን ተምረው ኤች ዋን ቢ (መስሪያ ቤት የሚያስወጣው ጊዜያዊ የስራ ቪዛ) ላይ ያሉ ልጆች በየጊዜው ስለሚደውሉልኝ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው። ጠበቃ አይደለሁም፣ ሲቪል ኢንጂነር ነኝ፣ የኔ ኬዝ ኢቢ 3 የሚባለው ሶስተኛው የስራ ምድብ ነው፣ ክፍያውም ህጉም ስለሚቀያየር እኔ ባለፍኩበት ሰዓት የነበረውን ነው የማወራው።

የኔ የተጀመረው 2022 መጀመሪያ አካባቢ ነው። አለቃዬ እሺ ካለ በኋላ ጠበቃው መጀመሪያ ያደረገው ለዚህ አይነት ስራ እዚህ አካባቢ ስንት ይከፈላል ብሎ ሌበር ዲፓርትመንትን መጠየቅ ነው፣ እሱ መልስ ብቻ ወራት ፈጀ። ከዛ ማስታወቂያ ይወጣል። መስሪያ ቤቱ ለዚህ ስራ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ብቁ ሰው ፈልጌ አጣሁ ማለት ስላለበት የገዛ ስራዬ በሁለት እሁድ ጋዜጣ ላይ ወጣ፣ በስቴቱ የስራ ማስታወቂያ ላይ 30 ቀን ቆየ፣ ሌላም ሌላም ቦታ ተለጠፈ። ብቁ የሆነ ሰው ካመለከተ ስራህን አይቀሙህም ግን ፕሮሰሱ እዛው ላይ ይቆማል፣ ደሞ አንተ ማን አመለከተ ብለህ ሲቪ ማየት አይፈቀድልህም፣ በጉዳዩ እጅህን ማስገባት የለብህም። እኔ እሁድ ከቅዳሴ ስወጣ ነዳጅ ማደያ ገብቼ ጋዜጣውን ገዛሁና መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ የራሴን ስራ አነበብኩ፣ ድልድይ ዲዛይን የሚያደርግ፣ ይሄን ሶፍትዌር የሚችል፣ የዚህን ያህል አመት ልምድ ያለው ይላል፣ እውነቴን ነው ማመልከት አማረኝ።

ከሱ የባሰው ግን ቢሮ ውስጥ የሚለጠፈው ወረቀት ነው። ህጉ ለ10 የስራ ቀን ሰራተኛው ሁሉ በሚያየው ቦታ ይለጠፍ ይላል፣ ያውም ከነደሞዙ። የኛዋ ኤች አር ቡና ማፍያው አጠገብ ለጠፈችው። ስሜ የለበትም፣ ግን በዛ ሙያ ያለ የውጭ ዜጋ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ቡና ሊቀዳ የመጣ ሁሉ ደሞዜን እያነበበ ሄደ። አንዱ ፈረንጅ እንደውም "ከኔ በለጥከኝ እኮ" ብሎኝ ለሱ ጭማሪ መጠየቂያ ሆነለት።

ፔርሙ (ሌበር ሰርተፊኬሽኑ፣ ያ ሁሉ ማስታወቂያ የወጣለት የሌበር ዲፓርትመንት ማረጋገጫ ማለት ነው) ዲሴምበር 2022 አጋማሽ ላይ ገባ። የገባበት ቀን ፕራዮሪቲ ዴት ይባላል፣ ወረፋ የያዝክበት ቀን ማለት ነው፣ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ በሱ ይቆጠራል፣ ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ በቃልህ የምትይዝ ከሆነ እሱን ያዝ። አለቃህ ነገ ዛሬ እያለ አንድ ወር ባዘገየ ቁጥር ወረፋው ላይ ወደኋላ እየሄድክ ነው፣ ይሄን እኔ ለአለቃዬ በጨዋ ደምብ ግን ሳልታክት ነግሬዋለሁ፣ ሀበሻ ይሉኝታ ይይዘዋል፣ እዚህ ጋ ይሉኝታ አይሰራም።

ከዛ ከሌበር ዲፓርትመንት ኦዲት መጣ። ኦዲት ማለት ወንጀል ተገኘብህ ማለት አይደለም፣ ብዙውን ጊዜ በዘፈቀደ ነው የሚመርጡት፣ ማስታወቂያውን ከነገጹ፣ የመጡትን ሲቪዎች፣ ለምን እንዳልተቀጠሩ ሁሉ በ30 ቀን ውስጥ አቅርቡ ይላሉ። ችግሩ ያቺ ኤች አር ስራ ለቃ ነበር፣ አዲሷ ፋይሉን ስትፈልግ የአንደኛው እሁድ ጋዜጣ ገጽ የለም። እኔ ጋ ግን ነበረ፣ ለማስታወሻ ብዬ ሻንጣ ውስጥ አስቀምጬው ነበርና ሙሉ ገጹን ለጠበቃው ሰጠሁት። መስሪያ ቤቱ ይሄን ሰነድ 5 አመት የማስቀመጥ ግዴታ አለበት፣ ግን አንተም ኮፒ ያዝ፣ የሚያዩህ ቢስቁም ያዝ።

ኦዲቱ ጊዜ ወሰደ። አብረውኝ ያስገቡ ልጆች ፔርማቸው ወጥቶ አይ 485 (የግሪን ካርዱን ማመልከቻ) ሲያስገቡ እኔ ገና ቁጭ ብዬ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደርገውን ላውራ፣ ይሰለቻል፣ ሌላ ካምፓኒ ሀያ ሺህ ዶላር ጨምሮ ሲጠራው ጥሎ ይሄዳል። አይ 140 (ከፔርሙ በኋላ መስሪያ ቤቱ ለኢሚግሬሽን የሚያስገባልህ ማመልከቻ) ሳይጸድቅ ከሄድክ ቀኑም አብሮ ይቀራል፣ አዲሱ መስሪያ ቤት ከሀ ነው የሚጀምርልህ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት ይሄ ነው። አንዴ አይ 140ው ከጸደቀ ግን ቀኑ ያንተ ነው፣ ማጭበርበር ወይም ከባድ ስህተት ካልተገኘ በቀር ሌላ ቦታ ሄደህም አዲሱ መስሪያ ቤት ፔርምና አይ 140 ሲያስገባልህ ያንኑ የድሮውን ቀን ይዘህ ትቀጥላለህ። ፋይሉ የነሱ ነው፣ ጠበቃውም የሚታዘዘው ለነሱ ነው፣ ቀኑ ግን ያንተ ነው፣ እኔን ያረጋጋኝ ይሄን ማወቄ ነው።

ሌላው የኤች ዋን ቢ የ6 አመት ገደብ ነው። ፔርሙ ከገባ 365 ቀን ካለፈው በአንድ አንድ አመት ያራዝሙልሀል፣ አይ 140 ጸድቆ ወረፋ ላይ ካለህ ደሞ በሶስት አመት። ስለዚህ አምስተኛው አመትህ ሳያልቅ ፔርሙ መግባት አለበት፣ ዝግጅቱ ራሱ ከአመት በላይ ሊወስድ ስለሚችል ገና ሶስተኛ አመትህ ላይ ወሬውን ጀምር። ገንዘቡን በተመለከተ የፔርሙን የጠበቃና የማስታወቂያ ወጪ ከ2007 ጀምሮ መስሪያ ቤቱ ነው መክፈል ያለበት፣ ከደሞዝህ ቆርጦም በኋላ መልስ ብሎም መውሰድ አይችልም። ብትለቅ ሁሉንም ትመልሳለህ የሚል ወረቀት ካመጡልህ ሳትፈርም በፊት የራስህን ጠበቃ አናግር፣ አንድ ሰዓት የምትከፍለው ብር አይቆጭህም።

2024 ሜይ ላይ ፔርሙ ወጣ፣ አይ 140ውን በፕሪሚየም፣ ተጨማሪ ተከፍሎ ቶሎ በሚታይበት፣ አስገባንና (ያኔ 2,805 ዶላር ነበር፣ በ15 የስራ ቀን ይመልሳሉ) ጸደቀ። የጸደቀበትን ወረቀት ኮፒ ስጡኝ ስል ኤች አር የካምፓኒው ሰነድ ነው አለችኝ፣ ቢያንስ ሪሲት ቁጥሩንና ፕራዮሪቲ ዴቱን በኢሜይል ጻፉልኝ ብዬ እሱን ወሰድኩ። ጭራሽ እምቢ ካሉ ፎያ በሚባለው የመረጃ መጠየቂያ ህግ ኢሚግሬሽኑን ራስህ መጠየቅ ትችላለህ።

ከዛ በኋላ ያለው ህይወት ቪዛ ቡለቲን ማየት ነው። ስቴት ዲፓርትመንት በየወሩ ያወጣዋል፣ ወረፋው የት ቀን ላይ እንደደረሰ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ነው፣ ኢትዮጵያ ስሟ አይጠራም፣ የተወለድክበት አገር ለብቻው ካልተዘረዘረ ሌሎች አገሮች በሚለው ውስጥ ነህ። ኤፕሪል 2024 ላይ ኢቢ 3 ኖቬምበር 22 2022 ደርሶ ነበር፣ የኔ ዲሴምበር ነው፣ ለትንሽ፣ በጣም ለትንሽ። ኦዲቱ እስኪያልቅ ደርሶ ይጠብቀኛል ብዬ ሳስብ ጁላይ ላይ ወደ ዲሴምበር 1 2021 ተመለሰ! ወደፊት ይሄዳል እንጂ ወረፋ ወደኋላ ይሄዳል ብሎ ማን ያስባል። ምክንያቱ ግን ተንኮል አይደለም፣ በአመት ለሁሉም የስራ ካታጎሪ ያለው ወደ 140,000 ቪዛ ነው፣ ቤተሰብም ከሱ ላይ ነው የሚቆጠረው፣ በጀት አመታቸው ኦክቶበር 1 ይጀምርና ሰመር ላይ ኮታው ሲያልቅባቸው ቀኑን ወደኋላ ይስቡታል፣ ኦክቶበር ላይ ይለቁታል። ይሄ ከገባህ ጁላይ ላይ የሚመጣው ዜና እንቅልፍ አይነሳህም። እኔ ስነጫነጭ አጠገቤ የሚቀመጠው ህንዳዊ ዝም ብሎ ያየኝ ነበር፣ የነሱ ኢቢ 3 ያኔ ገና 2012 ላይ ነው፣ ከዛ በኋላ እሱ ባለበት አላማረርኩም።

በነዛ ወራት የሰራሁት የሚጠቅም ነገር ሰነድ ማስተካከል ነው፣ ለኛ አገር ሰው ዋናው ጣጣ ያለው እዚህ ላይ ነው። እናቴ ወረዳ ተመላልሳ የልደት ሰርተፊኬት አወጣችልኝ፣ አስተርጓሚው ግን ዓመቱ ላይ በደፈናው 7 ጨመረበት። ጥር 12 1983 የተወለደ ሰው ጃንዋሪ 20 1991 ነው፣ ፈረንጆቹ አዲስ አመት ከገቡ በኋላ እስከ ጳጉሜ መጨረሻ ድረስ ዓመቱ ላይ የሚጨመረው 8 ነው፣ 7 ካሉት ፓስፖርትህ ሌላ ሰርተፊኬትህ ሌላ ይሆናል። የስም ፊደልም እንደዛው፣ ዲግሪው ላይ አንድ አይነት፣ ፓስፖርቱ ላይ ሌላ፣ የአያት ስም አንዱ ላይ አለ አንዱ ላይ የለም። ቡለቲኑ ሳይደርስ ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ ዘርግተህ ጎን ለጎን አንብብ፣ ቀኑ ሲደርስ ወረዳ ለማሯሯጥ ጊዜ የለህም፣ መስኮቱ በወሩ ሊዘጋ ይችላል።

ሜዲካሉም (የጤና ምርመራው) ላይ እንዲሁ። ሲቪል ሰርጅን የሚባለው የተፈቀደለት ሀኪም ጋ ነው የሚኬደው፣ የቲቢ የደም ምርመራ አለ፣ እኛ አገር ያደገ ሰው ፖዘቲቭ ቢሆን የሚገርም አይደለም፣ የተኛ ቲቢ ማለት ነው እንጂ ታመሀል ማለት አይደለም፣ ደረት ኤክስሬይ ትነሳለህ፣ ንጹህ ከሆነ ወረቀቱ ይሞላል። እኔም ፖዘቲቭ ብለውኝ ኤክስሬዩ እስኪደርስ ለማንም ሳልናገር ነው የከረምኩት፣ ለካ ክሊኒኩ ውስጥ የነበረው ግማሹ ሀበሻ ለዛው ነው የመጣው። ከዲሴምበር 2 2024 ጀምሮ ደሞ ሜዲካሉ ከአይ 485 ጋር አብሮ ካልገባ ማመልከቻውን ሊመልሱት ይችላሉ፣ ስለዚህ ቀድመህ ጨርስ።

ኦክቶበር 2024 ላይ ማስገቢያው ቀን ማርች 1 2023 ደረሰና አስገባሁ። ሰንጠረዡ ሁለት ነው፣ አንዱ ማስገባት የሚቻልበት፣ አንዱ ሊጸድቅ የሚችልበት፣ በየወሩ የትኛው እንደሚሰራ ኢሚግሬሽን ራሱ ያሳውቃል። 1,440 ለአይ 485፣ 260 ለስራ ፈቃድ፣ 630 ለመውጫና መግቢያው ወረቀት፣ ይሄን ከኪሴ ነው የከፈልኩት። አሻራ ጠሩኝ፣ የስራ ፈቃዱ ካርድ መጣ፣ ከዛ ዝምታ። አይ 485 ገብቶ 180 ቀን ካለፈና አይ 140ው የጸደቀ ከሆነ ተመሳሳይ ስራ ላይ መስሪያ ቤት መቀየር ይፈቀዳል፣ እኔ አልቀየርኩም ግን እንደምችል አለቃዬም ያውቅ ነበር፣ የዛን አመት ጭማሪዬ ደህና ነበር። ኬዝ ስታተስ በየሰዓቱ ማየት የተውኩት ስልኬ ላይ ያለውን አፕ አጥፍቼ ነው፣ ለውጥ ካለ ኢሜይል ይልካሉ።

ኤፕሪል 2025 ላይ የሚጸድቅበት ቀን ጃንዋሪ 1 2023 ገባ፣ የኔ ደረሰ ማለት ነው፣ ከዛ ብዙም ሳይቆይ ያለ ኢንተርቪው ጸደቀ፣ ካርዱ በፖስታ መጣ። አጎቴ ደውሎ "ዲቪው ደረሰህ አሉ፣ እንኳን ደስ ያለህ" አለኝ፣ አሜን አልኩት።

አንድ የቀረኝ አለ፣ እጮኛ አገር ቤት ላላቸው። ግሪን ካርዱ ከመጽደቁ በፊት የተጋባህ ከሆነ ሚስትህ በአንተው ፋይል ስር፣ በአንተው ቀን ትከተላለች። ከጸደቀ በኋላ ከተጋባህ ግን በቤተሰብ በኩል አዲስ ፔቲሽን አዲስ ወረፋ ነው። የማውቀው ልጅ "ወረቀቴ ይውጣና ደግሼ አገባለሁ" ብሎ ሲጠብቅ ካርዱ ከሰርጉ ቀደመበት፣ እስካሁን ሁለት ቦታ ናቸው። እኛ 2024 ሰመር ላይ አዲስ አበባ ክፍለ ከተማ ሄደን ሁለት ሁለት ምስክር ይዘን ፈረምን፣ ድግሱን ለሌላ ጊዜ አልነው፣ የሷ እናት ይሄ ምን አይነት ጋብቻ ነው ብለው ትንሽ አኩርፈው ነበር። ካርዱ ሲወጣ አይ 824 የሚባለውን፣ በኔ ፋይል እንድትከተለኝ የሚጠየቅበትን ፎርም፣ አስገባሁላት፣ አሁን የሷ ፋይል በሂደት ላይ ነው። የጋብቻ ሰርተፊኬቱ ላይ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር አስጽፉ፣ ሳትወጡ እዛው መስኮቱ ላይ አንብቡት።