ስድስት ኪሎ፦ ከሥዕለ አድኖ ወደ ገብረ ክርስቶስ ደስታ

የገብረ ክርስቶስ ደስታን ሥዕል አይቶ «ምን ለማለት ፈልጎ ነው?» እያለ የሚወጣ ሰው ብዙ ነው። ምክሬ አንድ ነው፤ በስሙ ወደተሰየመው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ከመሄዳችሁ በፊት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ግቡ። ሁለቱም እዚያው ስድስት ኪሎ አካባቢ ናቸው።

ከአራት ኪሎ ታክሲ ያዙ። በር ላይ ፍተሻ ስላለ መታወቂያ አትርሱ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያለው በገነተ ልዑል፣ በቀድሞው የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። አብዛኛው ጎብኚ የንጉሡን መኝታ ቤትና መታጠቢያ ያይና ይወጣል፤ ያሳዝነኛል። ሰዓታችሁን ለሥዕለ አድኖዎቹ፣ በሳንቃ ላይ ለተሣሉት የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ስጡ።

አንዱን መርጣችሁ ጠጋ በሉ። ቀለሙ በተላጠበት ጠርዝ ከሥሩ ነጭ ቅብ ብቅ ይላል፤ ሠዓሊው ሳንቃውን መጀመሪያ በእሱ አለስልሶ ነው ቀለም የጣለበት። እንጨት በክረምት እርጥበት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ ቅቡ ግን እኩል ስለማይሳብ ይሰነጠቃል፣ ይረግፋል። ቀጥሎ ፊቶቹን ተመልከቱ። ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ርኩስ በጎን በአንድ ዓይን ይሣላል። ጥላ የለም ማለት ይቻላል። መደቡ ወጥ ቀለም ነው፤ ቅርጹን የሚለየው ጥቁር መስመር ነው።

ይህን ይዛችሁ ወደ ገብረ ክርስቶስ ሂዱ። እ.ኤ.አ. በ1932 ሐረር ተወለደ፤ አባቱ የቤተ ክህነት ሰው፣ የብራና ሠዓሊም ነበሩ። ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ ሲመለስ ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1981 በስደት አሜሪካ አረፈ። ገጣሚም ነበር። ሰፊ ወጥ ቀለሙንና ደፋር ቅርጹን ስታዩ የጀርመን ትምህርት ብቻ ነው ለማለት ይከብዳችኋል።

ስታዩ መጀመሪያ አራት አምስት እርምጃ ራቁ፤ አጠቃላይ ሚዛኑ የሚታየው ከዚያ ነው። ከዚያ ቀርባችሁ ወደ ጎን ዘወር በሉ። የዘይት ቀለም ያንጸባርቃል፤ አምፖል ወይም መስኮት ፊት ለፊት ከመታው ነጭ ነጠብጣብ ብቻ ነው የምታዩት። ከጎን ግን ወፍራም የተደረበው ቀለም የራሱን ጥላ ይጥላል፣ ብሩሹ የሄደበት መንገድም ይለያል። ለዚህ የጠዋት ብርሃን ይሻላል፤ መብራት ቢጠፋም አትቸገሩም። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን መግለጫ መጨረሻ አንብቡት፤ አስቀድሞ ካነበባችሁት ዓይናችሁ የተነገረውን ብቻ ይፈልጋል። ፎቶ ማንሳት ከፈለጋችሁ ጠይቁ፣ ፍላሽም አጥፉ።