ባሌስትራ በማሳሳት የማይገኝ እንቅስቃሴ

ወደ ዳሎልና ኤርታ አሌ ለሚጓዙ ጎብኚዎች ውኃ፣ ስንቅና ድንኳን የሚያመላልስ አንድ ላንድክሩዘር 79 ፒክአፕ ወደምሠራበት ጋራዥ የመጣው ቀደም ሲል በሌላ ጋራዥ «እንዲለሰልስ» ተብሎ ከተነካካ በኋላ ነበር። ሾፌሩ መኪናው ጭነት ሲይዝ ኋላው ከሻሲው ጋር እንደሚመታ፣ የላቫው ድንጋይ ላይ ሲወጣ ከኋላ ጎማዎች አንዱ እንደ ድሮው አየር ላይ እየቀረ እንደሚሽከረከር፣ ፍሬን ሲያዝም ከፊት ከመጠን በላይ እንደሚደፋ ነገረን። ከሥሩ ገብተን ስናይ ከእያንዳንዱ ባሌስትራ (ከተደራረቡ ዝርግ ብረቶች የሚሠራው የኋላ ሞላ) ሁለት ሁለት ብረት ወጥቷል፤ በዚህ የጠፋውን ከፍታ ለመመለስም የባሌስትራውን የኋላ ጫፍ ከሻሲው ጋር የሚያያይዘው ሻክል በረጅም ተተክቷል። የሞላውን ንዝረት የሚያረግበው ሾክ አብዞርበርና የፍሬን ቱቦው ግን የፋብሪካው ነበሩ።

የዚህ መኪና ፊቱ ከ1999 ጀምሮ በጥቅል ሞላ የሚሠራ ሲሆን ኋላው ባሌስትራ እንደሆነ ቀርቷል። ባሌስትራ ደግሞ ጭነት መሸከም ብቻ ሳይሆን አክስሉን፣ ማለትም ግራና ቀኝ ጎማዎቹን የሚያገናኘውን አካል፣ በቦታው አጽንቶ የመያዝና የሞተሩ ጉልበት ሲመጣ እንዳይጠመዘዝ የመከላከል ሥራ ስላለበት፣ ብረት ቀንሶ ማለስለስ እነዚህን ሁሉ አብሮ ያዳክማል። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ሥራው የተጀመረው ጎማውን እንዳይወርድ የሚያግደው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ መሆኑ ነው።

አንዱን የኋላ ጎማ በፎርክሊፍት ከፍ እያደረግን ሌላኛው ከመሬት ሊነሳ ሲል አቆምን። በወረደው በኩል ያለው ሾክ አብዞርበር እስከ መጨረሻው ተመዝዞ ነበር። የታችኛውን ዳዶ ፈትተን ሾኩን ስናላቅቀው አክስሉ ተጨማሪ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ወረደ፤ ጎማውም መሬቱን በደንብ ረገጠ። ባሌስትራው ገና የሚሄድበት ርቀት ነበረው ማለት ነው።

«እንግዲያው ረጅም ሾክ እንግጠምለትና ይሂድ፣ ጋሼ» አለኝ አብሮኝ የሚሠራው ወጣት መካኒክ። ሐሳቡ ምክንያታዊ ቢሆንም መኪናውን ከሻሲው አንጠልጥለን ሁለቱንም ጎማዎች አንድ ላይ ሳናወርድ እንዳይገጠም ከለከልኩ። አንድ ጎማ ብቻ ሲወርድ የአክስሉ መሐል ብዙ ቦታ አይለቅም፤ ከሻሲው ወደ አክስሉ የሚወርደው የፍሬን ቱቦ ደግሞ ወደ መሐል የተያዘ ስለሆነ በዚያ ፍተሻ ሳይወጠር ያልፋል። ጉድባ በፍጥነት ሲዘለል ግን ሁለቱም ጎማዎች አብረው ይንጠለጠላሉ።

ሾኮቹን በሁለቱም በኩል አላቀን አክስሉን በክሪክ ቀስ እያልን ስናወርደው፣ ገና መጨረሻው ሳይደርስ የፍሬን ቱቦው እንደ ክራር ጅማት ተወጠረ፤ የቱቦው ላስቲክ ከብረት አንገቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታም ሲሳሳ በዓይን ይታይ ነበር። ወጣቱ ክሪኩን ወዲያው መልሶ ከፍ አደረገው። እስከዚያ ድረስ ቱቦውን ከመበጠስ ያዳነው አጭሩ ሾክ ነበር፤ ሳናይ ረጅም ገጥመንለት ቢሆን ኖሮ መኪናው በመጀመሪያው ጉድባ የኋላ ፍሬኑን ያጣ ነበር። የመደፋቱ ምክንያትም እዚያው ተገኘ፦ የኋላ ፍሬን ግፊትን ከጭነቱ ጋር የሚመጥነው ቫልቭ ከአክስሉ ጋር በዘንግ የተያያዘ ስለሆነ፣ ሻክሉ ሲረዝም መኪናው ባዶ የሆነ መስሎት የኋላውን ግፊት ይቀንስ ነበር።

ረጃጅሞቹን ሻክሎች አውጥተን የፋብሪካዎቹን መለስን። ባሌስትራውን ደግሞ ቁጥራቸው በበዛ ቀጫጭን ብረቶች አሠራነው። የአንድ ብረት ግትርነት ከውፍረቱ ሦስተኛ ርቢ ጋር ስለሚሄድ 8 ሚሊ ሜትር የነበረው ወደ 6 ሲወርድ 42 በመቶው ብቻ ይቀራል፤ ቀጭን ብረት እኩል ርቀት ሲታጠፍ የሚደርስበት ጫናም ያነሰ በመሆኑ ሳይሰበር ርቆ መታጠፍ ይችላል። ከሥር ዝርግና ወፍራም ብረት ያስቀመጥነው ጭነት ሲመጣ ብቻ እንዲያግዝ ነው። በብረቶቹ ጫፍ መካከል የፕላስቲክ ማንሸራተቻ ገባ፤ ምክንያቱም እርስ በርስ ሲፋተጉ የሚፈጥሩት መያዝ ሾፌሮች «መኪናው ደረቀ» ለሚሉት ነገር ትልቅ ድርሻ አለው።

ረጅም ሾክ ሲጨመቅም ከአጭሩ ረዘም እንደሚል ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ስለዚህ ባሌስትራውን ከመግጠማችን በፊት አክስሉን ሻሲውን እንዳይመታ እስከሚያግደው የላይኛው የላስቲክ መከታ ድረስ አንስተን በአዲሱ ረጅም ሾክ ውስጥ ትርፍ ርቀት መቅረቱን ለካን፤ በቂ ስላልነበረ መከታውን ወደ ታች አስረዘምነው። የፍሬን ቱቦው በረጅም ተተካ፣ የቫልቩ ዘንግ እንደገና ተስተካከለ። ወደ ታች የሚወርደውን እንቅስቃሴ ሾኩም ሆነ ቱቦው እንዳያቆሙት፣ ቀድሞ የሚወጠር ጠንካራ የናይለን ቀበቶ ከሻሲው ወደ አክስሉ አሰርን። በባሌስትራው ጫፎች የሚገቡትን የላስቲክ ቦኮላዎች ዳዶዎች ያጠበቅነው መኪናው በጎማዎቹ መሬት ላይ ከቆመ በኋላ ነው፤ ተንጠልጥሎ ቢጠብቁ ላስቲካቸው ሁልጊዜ እንደተጠመዘዘ ይኖርና ቶሎ ይበላል።

በመጨረሻ ውኃ የሞሉ በርሜሎች ጭነን ሁለቱንም ፍተሻዎች ደገምን። ጎማው መሬት ሳይለቅ፣ ቱቦውም ሳይወጠር አለፈ። አዲስ ባሌስትራ ከጥቂት ጉዞ በኋላ ስለሚረጋና ማሰሪያዎቹ ስለሚላሉ፣ ሾፌሩ 500 ኪሎ ሜትር ከነዳ በኋላ ዳዶዎቹን እንድናጠብቅለት እንዲመለስ አደረግን።