እናቴን ይዤ ኤንጀል ደሴት ስወጣ ማንም ያልነገረኝ ዳገት

በሳን ፍራንሲስኮና በኦክላንድ አካባቢ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ወላጆቻችንን ከአገር ቤት ካስመጣን በኋላ ውሏቸው በቤትና በቤተ ክርስቲያን ብቻ ተወስኖ መቅረቱ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። የባሕረ ሰላጤው ዙሪያ ጠዋት ተሂዶ ማታ የሚመለሱባቸው ታሪካዊ ቦታዎች የሞሉበት ነው። እኔም እናቴን አንድ በአንድ ላሳያት ወስኜ ጀመርኩ።

ስለ ብዙዎቹ ቦታዎች የምለው ጥቂት ነው። ላንድስ ኤንድ በውቅያኖሱ አፋፍ የሚሄድ መንገድ ሲሆን፣ በ1896 ተከፍቶ በ1966 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የተቃጠለው የሱትሮ መዋኛ ፍርስራሽ ከላይ ሆኖ ይታያል፤ እናቶች ወደ ታች መውረድ አያስፈልጋቸውም። ሙየር ዉድስ ወደሚባለው የረጃጅም ዛፎች ደን ለመሄድ የመኪና ማቆሚያ ቀድሞ መያዝ ግድ ነው፣ እዚያም ስልክ ስለማይሠራ ማረጋገጫውን ከቤት አውርዶ መሄድ ይበጃል። በጎልደን ጌት ድልድይ ሥር ያለው የድሮ ምሽግ፣ ፎርት ፖይንት፣ ንፋሱ ከባድ ስለሆነ ነጠላ አይበቃም፣ ጋቢ ያዙ።

በባሕረ ሰላጤው ውስጥ ያለው ኤንጀል ደሴት ግን ሌላ ነገር ነው። ከ1910 እስከ 1940 የኢሚግሬሽን ጣቢያ ነበረበት። በ1882 የወጣው የቻይና ሠራተኞችን የሚያግድ ሕግ በሥራ ላይ ስለነበር፣ ከእስያ የሚመጡ ሰዎች፣ በተለይም ቻይናውያን፣ እዚያ ተይዘው ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይመረመሩ ነበር። በ1906 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥና ቃጠሎ የሳን ፍራንሲስኮን መዝገቦች ስላጠፋና ማን ዜጋ እንደሆነ ማጣራት ስላስቸገረ፣ የዜጋ ልጆች ነን ብለው በሌላ ሰው ስም የሚመጡ በዙ፤ መርማሪዎቹም የቤትህ ደረጃ ስንት ነው፣ የጎረቤትህ በር ወዴት ይዞራል እያሉ ይጠይቁና መልሱን ከዘመድ ቃል ጋር ያመሳክሩ ነበር። በኤምባሲ ኢንተርቪው ያለፈ ቤተሰብ ያለን ሰዎች ይህን ቦታ ከማንም በላይ ልናየው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ከኦክላንድ በሪችመንድ ድልድይ ተሻግሮ ከደሴቱ ፊት ለፊት ያለችው ቲቡሮን ከተማ መድረስና ፌሪ መሳፈር ቀላል ነው። ከሳን ፍራንሲስኮ የሚነሣ ፌሪም አለ፤ ነገር ግን የቲቡሮኑ መሻገሪያ አጭር ስለሆነ ለሽማግሌዎች እሱን እመርጣለሁ። የሁለቱ ትኬት አንዱ በሌላው ይሠራ እንደሆነ ግን ቀድማችሁ ጠይቁ።

ችግሩ የጀመረው ደሴቱ ላይ ከወረድን በኋላ ነው። ፌሪው የሚያራግፈው አያላ ኮቭ በሚባለው ወደብ ሲሆን ጣቢያው ያለው በሌላ በኩል፣ ከጉብታው ማዶ ነው። የእናቴ ጉልበት እንደሚያማት ስለማውቅ ከመሄዳችን በፊት ደውዬ ስለ ሻትል፣ ማለትም ጎብኚዎችን ወደ ጣቢያው ስለሚያመላልሰው መኪና፣ ጠይቄ ነበር፤ ስልኩን ያነሣችው ሴት «አለ፣ ስትደርሱ ትሳፈራላችሁ» አለችኝ። ስንደርስ በመስኮቱ ያለው ወጣት ዛሬ አይሠራም አለኝ። ደውዬ እንደነበር ስነግረው ማን እንደመለሰልኝ እንደማያውቅ ነገረኝና፣ ከስልኩ ቀና ሳይል መንገዱ አስፋልት ነው፣ ትንሽ ብቻ ነው፣ ማንም ይሄደዋል አለኝ። እናቴ ከዘራዋን ይዛ አጠገቤ ቆማ ነበር። አንድ ጊዜ እንኳ አላያትም።

መንገዱ አስፋልት መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን አስፋልቱ ላይ ለመድረስ ከወደቡ በደረጃ ወይም በጠመዝማዛ ዳገት መውጣት ያስፈልጋል፤ ዳገቱ ካለቀ በኋላም ወደ ጣቢያው የሚወስደው ቁልቁለት ስለሆነ፣ የወረዱትን ሁሉ ሲመለሱ እንደገና መውጣት አለ። ይህን ያን ጊዜ የነገረኝ የለም። እናቴ አሥር እርምጃ ሄዳ ትቆማለች፣ ከዘራዋን በሁለት እጇ ትደገፋለች፣ ላቧን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ «ቀስ እያልን እንደርሳለን ልጄ» ትለኛለች። የአስተዳደሩ ፒክአፕ ባዶ ወንበር ይዞ ሲያልፍ እጄን ዘርግቼ አስቆምኩና ለእሷ ብቻ ብዬ ለመንኩ። ሹፌሩ መንገደኛ መጫን እንደማይፈቀድለት ነግሮኝ ሄደ። ደንቡ ደንብ ነው፤ ሰው እንዳይጫን የሚያዝ መሥሪያ ቤት ግን ዳገት እንዳለ አስቀድሞ የመናገር ግዴታ ያለበት ይመስለኛል። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ደርሰን የወንዶቹን ማደሪያ ስናይ ግን አልተቆጨሁም። አልጋዎቹ በብረት ምሰሶ ላይ ሦስት ሦስት ሆነው ተደራርበዋል፤ በእንጨቱ ግድግዳ ላይ ታሳሪዎቹ የቀረጿቸው የቻይንኛ ግጥሞች፣ በላያቸው ቀለም ተቀብቶባቸው እንኳ፣ ብርሃን ከጎን ሲያርፍባቸው ጭረታቸው ይለያል። ሕንፃው ሊፈርስ ሲል በ1970 አንድ የፓርክ ጠባቂ ጽሑፎቹን አስተውሎ በመናገሩ ነው የተረፈው። የሴቶቹ ክፍል የነበረበት ሕንፃ በ1940 ስለተቃጠለ እነሱ ጽፈው ከነበረ አብሮ ጠፍቷል። ስለ ምርመራው ጥያቄዎች ስተረጉምላት እናቴ ግድግዳውን እያየች፣ «እኔንም የልደትህን ቀን ሲጠይቁኝ በእኛ አቆጣጠር ነግሬ፣ ወረቀቱ ላይ በፈረንጅ ስለነበር ልጅሽ አይደለም ሊሉኝ ነበር» አለችኝ። ይህን ከዚያ በፊት ነግራኝ አታውቅም።

ስለዚህ ወላጅ ይዞ ለሚሄድ ሰው የምመክረው፣ የደሴቱ በራሪ ወረቀት የሚያበረታታውን ደሴቱን የመዞር ጉዞ ትቶ ጉልበቱን ሁሉ ለጣቢያው እንዲያስቀምጥ ነው። የሻትሉን ነገር በስልክ ተጠይቆ በተገኘ ቃል ብቻ አትመኑ፤ በዕለቱ ጠዋት፣ ቲቡሮን ላይ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት፣ እንደገና አረጋግጡ፤ የለም ከተባላችሁ ያን ቀን ላንድስ ኤንድ ሂዱ። የጣቢያው ሙዚየም በየቀኑ ስለማይከፈት የሚከፈትበትን ቀን አጣሩ። ሐምሌና ነሐሴ ጉም ስለሚበዛ መስከረምና ጥቅምት ይሻላሉ። የመጨረሻው ፌሪ ማንንም አይጠብቅምና በዝግታ ለሚሄድ ሰው የመመለሻውን ዳገት የሄዳችሁበትን ጊዜ እጥፍ መድቡለት። ታሪኩንም ከመሄዳችሁ በፊት ቤት ውስጥ በአማርኛ ንገሯቸው፤ አስጎብኚው በእንግሊዝኛ ሲናገር እናንተ ለመተርጎም ስትጣደፉ ግድግዳውን የሚያዩበት ጊዜ ያልፋል።