ከጥምቀት እስከ ግንቦት ያልወረደው ትዕዛዝ

ግንቦት 2011 ዓ.ም. ነው። የሦስት ቀን ስልጠና ልሰጥ ደብረ ብርሃን ሄድኩ። ሰልጣኞቹ ከሰሜን ሸዋ ወረዳዎች የተውጣጡ ፖሊሶችና የጥበቃ ኃላፊዎች ናቸው። ርዕሱ የሽብር ስጋት ደረጃ ከፍና ዝቅ ሲል ሥራን እንዴት እናቅዳለን የሚል ነበር። ጠዋቱ አጥንት ይሰብራል። ከሸዋ ሮቢት ቆላ የመጡት በጋቢ ተጠቅልለው ነው የተቀመጡት።

ቦርሳዬ ውስጥ ላፕቶፕ፣ ወረቀትና አንድ የጫማ ካርቶን ነበር። ካርቶኑ የልምምድ ዕቃ ነው። ውስጡ ትንሽ የጠረጴዛ ሰዓትና አራት የባትሪ ድንጋይ አለ፤ በቀይና በጥቁር ሽቦ ተያይዘዋል። ፈንጂ የሚባል ነገር የለበትም። ያየው ሰው ግን ክው ይላል። ማውጣት ያሰብኩት በሁለተኛው ቀን ነበር። በር ላይ ለጥበቃው መናገር ነበረብኝ፤ ረሳሁት።

ጥበቃው ወጣት ልጅ ነው። ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። ቦርሳዬን ከላይ በመዳፉ ሁለቴ መታ መታ አደረገና "ይለፉ" አለኝ። አለፍኩ።

አዳራሽ ገብቼ ላፕቶፑን ስስብ ካርቶኑ አብሮ ወጣ። ክዳኑ ተከፈተ። ፊት ለፊት የነበሩት ብድግ አሉ። "የልምምድ ነው! የልምምድ ነው!" አልኩ ሁለት እጄን ዘርግቼ። ሰዉ ቀስ በቀስ ተቀመጠ። ኮማንደሩ ግን እንደቆሙ ቀሩ።

"ይሄ በየት በኩል ገባ?"

"በበሩ፣ ኮማንደር። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ማስታወቅ ነበረብኝ።"

"አንተማ እንግዳ ነህ። በሩ ላይ ያለውን ጥሩልኝ።"

ልጁ መጣ። ካርቶኑን ሲያይ ከንፈሩ ደረቀ። ያኔ ከመሀል ረድፍ አንዲት ሳጅን ተነሳች። መናኸሪያ ላይ የሴቶችን ፍተሻ የምትመራ፣ በሥራው ላይ ብዙ ዓመት የቆየች ሴት ናት።

"ኮማንደር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ልጁ ከመቀጣቱ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ። የጥምቀት ሰሞን ከፍተኛ ጥንቃቄ ተባልን። እረፍት ተሰረዘ። ሦስት የነበረው ፈረቃ ሁለት ሆነ። ያ ትዕዛዝ መቼ ነው የተነሳው?"

ዝም።

"አልተነሳም" አለች እራሷ። "ይሄ ልጅ ከጥር ጀምሮ በቀን 12 ሰዓት ነው የሚቆመው። እኔም መናኸሪያ ላይ የምፈትሸው እንደሱ ነው።" መዳፏን አንስታ አየሩን ሁለቴ መታ መታ አደረገችው።

ያን ቀን ያዘጋጀሁት የመጀመሪያ ስላይድ የአሜሪካኖቹ ባለ ቀለም የስጋት ደረጃ ነበር። አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ቀይ። ላስተምርበት ያሰብኩት የቀለሞቹን ትርጉም ነበር። ሳጅኗ ከተናገረች በኋላ ግን የቀለሞቹ ትርጉም ማንን ይጠቅማል? እኔም የዚያን ታሪክ ሌላውን ግማሽ ነገርኳቸው። ሥርዓቱ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2002 ተጀመረ። በአገር አቀፍ ደረጃ ከቢጫ በታች ወርዶ አያውቅም። አረንጓዴና ሰማያዊ ወረቀት ላይ ቀሩ። ሰውም ቀለሙን ማየት ተወ። እ.ኤ.አ. በ2011 ተነሳና በሌላ ተተካ።

እንግሊዞች ደግሞ አምስት ደረጃ አላቸው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2017 የማንችስተሩ የኮንሰርት ጥቃት ሲደርስ በማግስቱ ወደ መጨረሻው ደረጃ ከፍ አደረጉት። ወታደሮች ወጥተው ቋሚ ቦታዎችን ጠበቁ፤ የታጠቁት ፖሊሶች ከዚያ ተላቀው ለሌላ ሥራ ተሰማሩ። ከ4 ቀን በኋላ አንድ ደረጃ አወረዱት። አገሩ ሰላም ነው ማለታቸው አልነበረም፤ ያ ደረጃ የሚጠይቀውን ጉልበት ለዘለቄታው መሸከም ስለማይቻል ጭምር ነው ብዬ አምናለሁ።

ኮማንደሩ አሁን ተቀምጠዋል። ድምፃቸው ተለውጧል። "ወንድሜ፣ ማውረዱን ሁላችንም እንወደዋለን። ባወረድኩ ማግስት አንድ ነገር ቢፈጠር ግን ማን ነው የሚጠየቀው?"

ይሄ ጥያቄ እስካሁን ከጆሮዬ አልጠፋም። እውነታቸውን ነው። ደረጃን ከፍ በማድረጉ የሚጠየቅ ሰው አላየሁም። ስለዚህ ትዕዛዝ ሽቅብ እንጂ ቁልቁል መሄድ አይችልበትም። ይሄ የአንድ ኮማንደር ወይም የአንድ ከተማ ችግር አይደለም። ዋጋውን ግን የሚከፍለው በር ላይ የቆመው ልጅ ነው። እሱ ሲደክም ደግሞ ሁላችንም እንከፍላለን።

የመለስኩላቸው ሁላችንም በምናውቀው ነገር ነው። ሐምሌ 4 ቀን 2002 ዓ.ም. ካምፓላ ላይ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ሲታይ ቦምብ ፈነዳ። አንዱ ቦታ የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ነበር። ከ70 በላይ ሰው አለቀ። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. ደግሞ ቦሌ ውስጥ ሁለት ሰዎች የያዙት ቦምብ እጃቸው ላይ ፈንድቶ ሞቱ። ያን ቀን ዋልያዎቹ ከናይጄሪያ ጋር አዲስ አበባ ላይ ይጫወቱ ነበር። ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. መስቀል አደባባይም ቦምብ የፈነዳው ሰልፍ ላይ ነበር። ሦስቱም ሰው በሚሰበሰብበት ቀን ነው። እንዲህ ያለው ቀን ሲመጣ ንቁ ዓይን ያስፈልጋል። ያ ዓይን ደግሞ በሌላው ቀን ካልተኛ ከየት ይመጣል?

ከሻይ በኋላ ስላይዱን ዘጋሁት። ፍሊፕ ቻርት ላይ ሦስት ዓምድ አሰመርን። ደረጃው ሲጨምር ምን እንጨምራለን? ምን እንተዋለን? መቼ ያበቃል፣ ማንስ ነው አበቃ የሚለው? የመጀመሪያው ዓምድ ወዲያው ሞላ። ፍተሻ፣ ኬላ፣ ፓትሮል። ሁለተኛው ባዶ ቀረ። ሰዉ የሚተወውን ሥራ ለመጻፍ እጁ ይፈራል።

ከደብረ ሲና የመጣው ኢንስፔክተር ነው የከፈተልን። "ስጋት አለ በተባለ ቁጥር ጣርማ በር ዋሻው አፍ ላይ ኬላ እናቆማለን" አለ። "ጉሙ ሲወርድ አምስት ሜትር አይታይም። የጭነት መኪናው፣ አውቶቡሱ፣ ሁሉም ተደርድሮ ይቆማል። ክፉ ያሰበ ሰው ቢኖር ሕዝቡን ሰብስበን የምናቀርብለት እኛው ነን።" ሁለተኛው ዓምድ ላይ የመጀመሪያው መስመር ያ ሆነ፦ ዋሻው አፍ ላይ መኪና አናቆምም፤ ፍተሻው ከዳገቱ በታች፣ ሜዳው ላይ ይሁን።

ቀጥሎ ስለ ጻድቃኔ ማርያም ተነሳ። ጸበልተኛው ጄሪካን ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ሁሉንም ጄሪካን ልክፈት ካልክ ሰልፉ ከቅጥሩ ውጭ ይተርፋል። እዚያ ዲያቆናቱና የጸበሉ አስተናባሪዎች ከማንም ፖሊስ በተሻለ እንግዳ ነገር ይለያሉ። ስለዚህ ደረጃው ሲጨምር መጀመሪያ የሚደወለው ለእነሱ ነው ተባለ። እኔ ከአዲስ አበባ ይዤው የመጣሁት ማኑዋል ውስጥ ይሄ አልነበረም።

ሦስተኛው ዓምድ ላይ ረጅም ክርክር ሆነ። መጨረሻ ላይ የተስማማነው ቀላል ነገር ነው። ማንኛውም የጥንቃቄ ትዕዛዝ ሲወጣ የሚያበቃበት ቀን አብሮ ይጻፍበታል። ቀኑ ሲደርስ አዲስ ምክንያት ከሌለ በራሱ ይወርዳል። ምክንያት ካለ ደግሞ እንደገና በፊርማ ይታደሳል። እንዲህ ከሆነ ዝቅ ያደረገው ቀኑ ነው፤ የሚጠየቅ ግለሰብ የለም።

ኮማንደሩ ወረቀቱን ቆመው ብዙ አዩት። የማውረድ ሥልጣን የሳቸው አልነበረም። ያን ዕለት ማታ ለበላይ አካል አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፉ። ጥያቄው አንድ ነበር፦ የጥር ወሩ ትዕዛዝ አሁንም ጸንቶ ይቆያል ወይ?

ልጁ አልተቀጣም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት በሩ ላይ ስደርስ ቦርሳዬን ከፍቶ አንድ በአንድ አወጣው። ካርቶኑንም፣ ሰዓቱንም። ጣቶቹ በብርዱ ደንዝዘው ዚፑን መዝጋት አቃተው፤ አብረን ዘጋነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሳጅኗ ደወለችልኝ። መልሱ መጥቷል። ፈረቃው ወደ ሦስት ተመልሷል። ልጁ እረፍት ወጥቶ መሐል ሜዳ እናቱ ጋ ሄዷል አለችኝ።